በፍርድ የሄደች በቅሎ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ፦ የአሜሪካ ዳኞች በፖሊስ ብርበራ ጉዳይ ለምን ካልተጠበቀ ወገን ይቆማሉ?

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል ያገራችን ሰው። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት። ጭብጦ ግን መንገደኛ በአቁማዳው ይዟት የሚወጣ ትንሽ ስንቅ ናት። አባቶቻችን የመዘኑት የሄደውን ዕቃ ዋጋ ሳይሆን የሄደበትን መንገድ ነው። በዳኛ ፊት ተሟግቶ የተረታ ሰው በቅሎውን ለባለመብቱ አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤቱ ይገባል። ጭብጦውን በጉልበት የተነጠቀ ግን ዕድሜ ልኩን ሲያንገበግበው ይኖራል።

ይህ ተረት ደጋግሞ ትዝ የሚለን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ፖሊስ ፍተሻና ብርበራ የሰጣቸውን ውሳኔዎች ስናነብ ነው። እዚህ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለዚህ ፍርድ ቤት የምናወራበት አንድ ልማድ አለን። በየካፌው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ የታክሲ ሹፌሮች ኤርፖርት ላይ ተራ በሚጠብቁበት መደዳ ሁሉ ወሬው አንድ ዓይነት ነው። «ያ የሪፐብሊካን ሹመት ነው፣ ለፖሊስ ይፈርዳል፤ ይቺ የዴሞክራት ሹመት ናት፣ ለተከሳሽ ትፈርዳለች» እንላለን። ዘጠኙን ዳኞች በሁለት ጎራ ከፍለን ውጤቱን ከፍርዱ በፊት እንቆጥራለን። በብዙ ጉዳዮች ቆጠራችን ልክ ሆኖ ይገኛል። በብርበራ ጉዳይ ግን ደጋግሞ ይፈርስብናል።

ይህን የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። እኛ ራሳችን በመንግሥት ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል በነበርንበት ዘመን አንድ ትልቅ የፖለቲካ ክስ ለውሳኔ ሲቀጠር የዜናውን ርእስ በዋዜማው እናዘጋጅ ነበር። ችሎቱ ሳይሰየም የፊደሉን መጠን መርጠን፣ የፎቶግራፉን ቦታ ለክተን ገጹን እንዘጋለን። በማግሥቱ ርእሱን ለመቀየር የተገደድንበት ቀን ትዝ አይለንም። ያን ጊዜ ይህን የሥራ ቅልጥፍና አድርገን እንቆጥረው ነበር። ዛሬ ስናስበው እናፍርበታለን። ዳኛ ምን እንደሚፈርድ ከሾመው ሰው ተነስቶ መናገር የሚቻልበት አገር ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለንም። ስለዚህም እነዚህን የአሜሪካ ውሳኔዎች ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። (ስለ አሜሪካ በምንናገርበት ቦታ ሁሉ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ምን ይላል?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛው ማሻሻያ የጸደቀው በ1791 ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰዎች በአካላቸው፣ በቤታቸው፣ በወረቀታቸውና በንብረታቸው ላይ አግባብ የሌለው ፍተሻና መያዝ እንዳይደርስባቸው ይከለክላል። ማዘዣ የሚሰጠውም በቂ ምክንያት በመሐላ ሲቀርብ ብቻ እንደሆነ፣ የሚበረበረው ቦታና የሚያዘው ሰው ወይም ዕቃም በዝርዝር መገለጽ እንዳለበት ይደነግጋል። ድንጋጌው የመጣው ከምሬት ነው። በቅኝ ግዛቱ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ የጉምሩክ ሹሞች ስምና ቦታ ያልተጻፈበት ጥቅል ማዘዣ ይዘው ያሻቸውን ቤት ይበረብሩ ነበር። ጄምስ ኦቲስ የተባለው ጠበቃ በ1761 ቦስተን ላይ ይህን ማዘዣ በመቃወም ያደረገው ክርክር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው «አግባብ የሌለው» ከሚለው ሐረግ ነው። አግባብ ያለውና የሌለው በምን ይለያል? በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ፍርድ ቤቱ በ1961 በማፕ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ፣ ፖሊስ ሕግ ጥሶ ያገኘው ማስረጃ በክፍላተ ግዛት ፍርድ ቤቶችም ጭምር በተከሳሹ ላይ እንዳይቀርብ ተወስኗል። ስለዚህ ዳኞቹ ፊት የሚቀርበው ባለጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ዕፁ ወይም መሣሪያው በእጁ የተገኘ ሰው ነው። ማንም አያዝንለትም። ዳኛው የሚጠየቀው «ይህ ሰው ጥፋተኛ ነው ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ፖሊስ የመጣበት መንገድ ትክክል ነበር ወይ?» ተብሎ ነው። የጭብጦዋ ጥያቄ ማለት ይኸው ነው።

ከግድግዳው የወጣ ሙቀት

በ1992 በኦሪገን ክፍለ ግዛት ፍሎረንስ በተባለች ከተማ ፖሊሶች አንድን ቤት ማሪዋና ይበቅልበታል ብለው ጠረጠሩት። ሌሊት መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ወደ ቤቱ አነጣጠሩ። የጋራዡ ጣሪያና አንደኛው የጎን ግድግዳ ከሌላው የቤቱ ክፍል ይልቅ ሞቀው ታዩ። ማሪዋና በቤት ውስጥ ለማብቀል ኃይለኛ መብራት ያስፈልጋልና፣ ይህንና ሌላ መረጃ ይዘው ማዘዣ አወጡ፤ ገብተውም ከመቶ በላይ ተክል አገኙ። ጥያቄው ከውጭ ሆኖ ሙቀቱን መለካቱ ብቻውን ማዘዣ የሚያስፈልገው ፍተሻ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር።

የካይሎ ጉዳይ በሚል የሚታወቀው ይህ ክርክር በ2001 በ5 ለ4 ድምፅ ተወሰነ። ፍተሻ ነው፣ ማዘዣም ያስፈልገዋል ብለው ፍርዱን የጻፉት ፕሬዚዳንት ሬገን የሾሟቸው፣ የወግ አጥባቂዎቹ ዋና ድምፅ የሚባሉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ናቸው። ከእሳቸው ጋር ሌላው ወግ አጥባቂ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ፣ እንዲሁም ዴቪድ ሱተር፣ ሩት ቤደር ጊንስበርግና ስቲቨን ብሬየር ቆሙ። የልዩነት ሐሳቡን ለፖሊስ አግዘው የጻፉት ደግሞ የለዘብተኞቹ አንጋፋ የነበሩት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ናቸው።

የስቲቨንስ ክርክር ቀላል አልነበረም። መሣሪያው ግድግዳውን ሰንጥቆ አልገባም፤ ከቤቱ ወጥቶ አደባባይ ላይ የዋለውን ሙቀት ነው የለካው፤ ጢስ ከጣሪያ ሲወጣ ያየ ጎረቤት ቤት በረበረ አይባልም ነው ነገሩ። ስካሊያ ግን ከቤት ውስጥ የሚሆን ነገር ሁሉ የግል ነው አሉ። መሣሪያው የቤቱ እመቤት በየምሽቱ በስንት ሰዓት ገላዋን እንደምትታጠብ ሊናገር ይችላል፤ ዛሬ ደካማ ቢሆንም ነገ ይበረታል፤ ስለዚህ መስመሩ ዛሬውኑ በቤቱ ደጃፍ ላይ ይሰመር አሉ። ይህ የተጻፈው ሰው ሁሉ በኪሱ ካሜራና ማይክሮፎን ይዞ ከሚዞርበት ዘመን በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

«ቤቶች!»

አገር ቤት እንግዳ ሲመጣ አጥር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። «ግቡ» ከተባለ ይገባል፣ መልስ ካጣ ይመለሳል። ቁሞ ግድግዳ የሚያሸት እንግዳ ግን እንግዳ አይደለም። ዳኛ ስካሊያ ይህን የእኛን ወግ ባያውቁትም በ2013 በጃርዲንስ ጉዳይ የጻፉት ፍርድ በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

ፖሊስ ማያሚ አካባቢ ዕፅ አሽታች ውሻ ይዞ ያለ ማዘዣ አንድ ቤት በረንዳ ላይ ወጣ። ውሻው ከበሩ ሥር ሲደርስ ምልክት ሰጠ፤ በዚያ መነሻ ማዘዣ ወጣ፤ ማሪዋናም ተገኘ። ስካሊያ እንዲህ አሉ፦ ማንም ሰው ወደ በር መጥቶ ማንኳኳት፣ ጥቂት መጠበቅና መሄድ ይችላል፤ ይህ በልማድ የተሰጠ ፈቃድ ነው። ውሻ አስከትሎ ማስረጃ ፍለጋ በረንዳ ላይ መንጎራደድ ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው። ከእሳቸው ጋር ቶማስ፣ ጊንስበርግ፣ ሶንያ ሶቶማዮርና ኤሌና ኬገን ተሰለፉ። በተቃራኒው ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ የልዩነት ሐሳብ ሲጽፉ ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስ፣ አንቶኒ ኬኔዲ፣ እንዲሁም ፕሬዚዳንት ክሊንተን የሾሟቸው ስቲቨን ብሬየር አብረዋቸው ቆሙ። በ2001 ከስካሊያ ጋር የነበሩት ብሬየር በ2013 ከማዶ ነበሩ ማለት ነው።

መሪ ለጨበጡ ወገኖቻችን

ከወገኖቻችን ብዙው የሚተዳደረው መኪና በመንዳት ነውና የመንገዱን ሕግ ማለፍ አንፈልግም። በ1999 በአሪዞና ክፍለ ግዛት ቱሳን ከተማ አንድ ሰው በታገደ መንጃ ፈቃድ ሲነዳ ተያዘ። እጁ በካቴና ታስሮ በፖሊስ መኪና ውስጥ ከተቆለፈበት በኋላ ፖሊሶች መኪናውን ፈትሸው ኮኬይን አገኙ። ለብዙ ዓመታት ነጂው ከተያዘ መኪናው ይፈተሻል የሚለው ልማድ እንደ ሕግ ሲሠራበት ኖሯል። በ2009 በጋንት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ይህን አጠበበው። የታሰረ ሰው መኪናው ውስጥ ያለ ዕቃ ላይ ሊደርስ ካልቻለ፣ ስለተያዘበት ጥፋት ማስረጃ መኪናው ውስጥ አለ ብሎ ለማመንም ምክንያት ከሌለ፣ እስራቱ ብቻውን መኪናውን ለመፈተሽ አያበቃም ተባለ። አሁን ደግሞ ፍርዱን የጻፉት ስቲቨንስ ሲሆኑ ስካሊያና ቶማስ ድምፃቸውን ሰጧቸው። ብሬየር ለቀድሞው ውሳኔ መከበር ተከራክረው ከአሊቶ፣ ከሮበርትስና ከኬኔዲ ጋር ተቃወሙ።

በ2014 በናቫሬት ጉዳይ ሰልፉ እንደገና ተለወጠ። ስሙ ያልታወቀ ሰው ለፖሊስ ደውሎ አንድ ፒካፕ ከመንገድ አስወጣኝ አለ። ፖሊሶች መኪናዋን አግኝተው ለአምስት ደቂቃ ያህል ተከተሏት፤ ነጂው አንድም ስሕተት አልሠራም፤ ቢሆንም አስቆሙት፤ ማሪዋናም አገኙ። ማስቆሙ ሕጋዊ ነው ብለው የጻፉት ቶማስ ሲሆኑ ብሬየር ከእሳቸው ጋር ነበሩ። ስካሊያ ሦስቱን ሴት ዳኞች ከጎናቸው አሰልፈው አጥብቀው ተቃወሙ። ማንነቱን የደበቀ ሰው በስልክ በጠቆመው ብቻ ሰው ከመንገድ የሚያዝ ከሆነ የማንም ነጻነት አይተማመንም የሚል ነበር ክርክራቸው። የጥቆማን ነገር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

በ2015 ደግሞ በሮድሪገዝ ጉዳይ በነብራስካ መንገድ ላይ ስለተጨመሩ ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃዎች ተከራከሩ። ፖሊሱ የማስጠንቀቂያ ወረቀቱን ጽፎ ሰጥቶ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ነጂውን አቁሞ ውሻ እስኪያሸት አስጠበቀው። ዳኛ ጊንስበርግ ሮበርትስንና ስካሊያን ጨምሮ በስድስት ድምፅ ጻፉት። የትራፊክ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ሌላ ጥርጣሬ ሳይኖር አንድን ሰው ለውሻ ማስጠበቅ ክልክል ነው ተባለ። ስምንት ደቂቃ በበቅሎና በጭብጦ ሚዛን ሲታይ ጭብጦ ናት።

የሜሪላንዱ ጉዳይ

ከኢትዮጵያ ውጭ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዷ በሆነችው በሜሪላንድ የተነሳው ክርክር ከሁሉ የከበደ ነበር። በ2009 በድብደባና በማስፈራራት ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው ጉንጩ ውስጥ በጥጥ ተጠርጎ የዘር ምልክቱ ተወሰደ። ውጤቱ በ2003 ከተፈጸመ አስገድዶ መድፈር ማስረጃ ጋር ገጠመ። ሰውየው ጥፋተኛ ነበር፤ የተጎዳችው ሴትም ፍትሕ ይገባት ነበር። ይህን ሰው የሚያዝንለት ከየት ይገኛል?

በ2013 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 አሠራሩን አጸደቀ። ኬኔዲ ጻፉ፤ ሮበርትስ፣ ቶማስ፣ አሊቶና ብሬየር ደገፉ። ስካሊያ ከጊንስበርግ፣ ከሶቶማዮርና ከኬገን ጋር ሆነው የጻፉትን የልዩነት ሐሳብ ችሎት ላይ ድምፃቸውን አሰምተው አነበቡት። ይህ በዚያ ፍርድ ቤት አንድ ዳኛ ከልቡ ሲያዝን ብቻ የሚያደርገው ነው። ስካሊያ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ በጥርጣሬ የተያዘን ሰው ከተጠረጠረበት ነገር ጋር ግንኙነት ለሌለው ወንጀል አካሉን መመርመር ያስችላል ከተባለ፣ ነገ በምንም ምክንያት የተያዘ ሁሉ ይመረመራል፤ ብዙ ወንጀል ይገለጥ ይሆናል፤ ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች ግን ይህን ዋጋ ለመክፈል ወስነው ነበር።

ለምን እንዲህ ይሆናል?

እነዚህ ዳኞች ወገን የላቸውም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በብርበራ ጉዳይ የሚለያያቸው መስመር በሌላ ቦታ የተሰመረ ነው። አንደኛው ወገን ደንብ ይፈልጋል። ቤት ቤት ነው፣ ማዘዣ ማዘዣ ነው፣ በ1791 የተከለከለው ዛሬም ክልክል ነው ይላል። ስካሊያ የተቀረጹት በዚህ ነው። ሌላው ወገን ሚዛን ይይዛል። የግለሰቡ ጉዳት ምን ያህል ነው? ለሕዝብ ደኅንነት የሚሰጠው ጥቅምስ? ፖሊስ ከልምዱ የሚያውቀውስ? እያለ ያነጻጽራል። ብሬየር የታወቁት በዚህ ነው። ሚዛኑ አንዳንድ ጊዜ ለተከሳሽ፣ አንዳንድ ጊዜ ለፖሊስ ያጋድላል። ደንብ ፈላጊዎቹም ለፖሊስ ይፈርዳሉ። ስካሊያ እራሳቸው በ2006 በሀድሰን ጉዳይ ፖሊስ በር ላይ በቂ ጊዜ ሳይጠብቅ ቢገባም ማስረጃው አይሰረዝም ብለው ጽፈዋል። ያን ጊዜ ተቃውሞውን የጻፉት ብሬየር ነበሩ። ማንኛቸውም ለሁልጊዜው «የእኛ ሰው» አልሆኑልንም።

ስካሊያ በ2016 ካረፉ በኋላም ነገሩ አልተቀየረም። በ2018 በካርፔንተር ጉዳይ ፖሊስ ከስልክ ኩባንያዎች የአንድ ተጠርጣሪ የ127 ቀን እንቅስቃሴ፣ በቁጥር 12,898 የቦታ ነጥቦች፣ በቂ ምክንያት የሚጠይቀው ማዘዣ ሳይኖረው ወስዶ ነበር። ወግ አጥባቂው ዋና ዳኛ ሮበርትስ ከአራቱ ለዘብተኞች ጋር ሆነው ይህ ማዘዣ ያስፈልገዋል ብለው ፈረዱ። አራቱ ተቃዋሚዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የልዩነት ሐሳብ ጻፉ። ከእነሱ አንዱ ኒል ጎርሰች የስልክ መረጃ እንደ ንብረት ሊጠበቅ ይችላል የሚል ሰፊ ክርክር አስፍረው፣ ተከሳሹ ይህን አላነሳም በማለት ግን ድምፃቸውን ነፈጉት።

ዕልል ለማለት አይደለም

አንባቢያን እዚህ ላይ ቆመን አሜሪካን ለማሞገስ የተነሳን እንዳይመስላቸው። ሚዛናዊ ለመሆን ሌላውንም ገጽ ማሳየት ይገባል። ፖሊስ በበቂ ምክንያት ሳይሆን ከዚያ ባነሰ ጥርጣሬ ሰውን መንገድ ላይ አስቁሞ ልብሱን እንዲዳብስ የፈቀደው የ1968ቱ የቴሪ ውሳኔ ነው። የጻፉትም በመብት ተሟጋችነት ስማቸው የሚነሳው ዋናው ዳኛ ኧርል ዋረን ነበሩ። የተቃወሙት አንድ ዳኛ ብቻ ናቸው፣ ዊልያም ዳግላስ። በዚያ ውሳኔ ሳቢያ ማን ይበልጥ እየቆመ እንደሚዳበስ ጥቁር ልጅ ያሳደገ ወላጅ ሁሉ ያውቃል። በ2016 በስትሪፍ ጉዳይም ፖሊስ ያለ አግባብ ያስቆመው ሰው ቀድሞ የወጣ የትራፊክ መያዣ ስለተገኘበት ብቻ ማስረጃው ተቀባይነት አገኘ። ብሬየር እዚያም ከቶማስ ጋር ነበሩ። ሶቶማዮር ግን መልከ ጥቁሩ ሰው በዚህ ዓይነት ፍተሻ ዕለት ዕለት የሚሸከመውን ውርደት በልዩነት ሐሳባቸው በግልጽ ጻፉት።

ከዚህም ሌላ ለእኛ ወገን የተለየ ወጥመድ አለ። ፖሊስ «መኪናህን ልየው?» ብሎ ሲጠይቅ «እሺ» ያለ ሰው መብቱን በገዛ አፉ ሰጥቷል። ፍርድ ቤቱ በ1973 በሽኔክሎዝ ጉዳይ ፖሊስ «እምቢ ማለት ትችላለህ» ብሎ የመንገር ግዴታ የለበትም ብሏል። እኛ ደግሞ ለሹም «እሺ ጌታዬ» እያልን ያደግን ሕዝብ ነን። ስንቱ ወገናችን በአክብሮት «እሺ» ብሎ ዘጠኝ ዳኞች የተሟገቱለትን ጥበቃ በአንዲት ቃል ጥሏል? በትሕትና «አልፈቅድም» ማለት ወንጀል አይደለም። ከዚያ አልፎ መታገል ግን አይገባም፤ ክርክሩ ቦታው ፍርድ ቤት ነው።

ድንበር ላይ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው። ሻንጣ ያለ ማዘዣ ይፈተሻል። ስልክንና ኮምፒዩተርን በሚመለከት የበታች ፍርድ ቤቶች ተለያይተዋል። በ2018 በአንድ ወር ውስጥ ሁለት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ሁለት ዓይነት ተናገሩ። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚያስተዳድረው፣ በዳለስ አውሮፕላን ጣቢያ በተያዘ ስልክ ላይ፣ በመሣሪያ ጠልቆ ለመመርመር በሰውየው ላይ ያነጣጠረ ጥርጣሬ ያስፈልጋል አለ። ጆርጂያንና ፍሎሪዳን የያዘው ደግሞ በአትላንታ በገባ መንገደኛ ጉዳይ ጥርጣሬ እንኳ አያስፈልግም አለ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዳለስ የሚያርፍ ወገናችን ይህን ማወቁ አይጎዳውም።

አንድ ሌላ ነገር መዘንጋት የለበትም። በሜሪላንድ የሚኖር፣ ፍርድ ቤቱ ለደኅንነቱ ሲል «ኪዳኔ» በሚል ስም እንዲጠራ የፈቀደለት ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሰላይ ፕሮግራም ተተክሎበት የቤቱ ንግግርና ጽሑፍ ሁሉ ወደ ውጭ ሲላክ እንደነበር ገልጾ የኢትዮጵያን መንግሥት በ2014 ከሰሰ። በ2016 ክሱ ውድቅ ተደረገ። በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች በአንድ ድምፅ አጸኑት። ድርጊቱ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የባዕድ መንግሥትን በዚህ መክሰስ አይቻልም ነበር ምክንያቱ። እዚያ ሙቀት ከግድግዳ ወጣ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ሥርዓት፣ እዚህ የሰው ቤት ውስጥ ስለገባ ጆሮ በሩን ዘጋ። ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ያልነው ይህንንም ይጨምራል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

የእኛስ? ሕጉ ጠፍቶ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ያዛል። ሌሊት በሩ ተደብድቦ የተነሳ ስንት ሰው ይህን አንቀጽ አይቶት ያውቃል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰውን አካል፣ ቤት፣ ንብረት፣ ደብዳቤና ስልክ ይጠብቃል። ያን ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን ግን ለዳኛ ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጠ። ከዚያም የ2001 ዓ.ም. የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በፌዴራል ፖሊስ ኃላፊ ፈቃድ ብቻ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ መንገደኛንና ተሽከርካሪን በማናቸውም ሰዓት ድንገት መፈተሽን ፈቀደ። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ቢተካም፣ ያደረሰው ጉዳት በየቤቱ ይታወቃል።

ዳኞቻችንም ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ ማለት አይቻልም። ከ1993ቱ የሕወሓት ክፍፍል በኋላ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው በቀረቡ ጊዜ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የዋስትና መብታቸውን ጠብቀው ለቀቋቸው። ፖሊስ ግን ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ መልሶ ያዛቸው። የዋስትናው በርም በአዋጅ ተዘጋ። አቶ ስዬም ለስድስት ዓመት ያህል ታሰሩ። ብርቱካን በኋላ የተቃዋሚ መሪ ሆነው ሁለት ጊዜ ታስረዋል።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። ያን ጊዜ በውጭ ያለነው ተቃዋሚዎች ለአቶ ስዬ ያዘንን ስንቶቻችን ነን? ብዙዎቻችን «የእጁን አገኘ» ብለን ነበር። ዳኛዋ ግን የፈረዱት ለሚወዱት ሰው አልነበረም፤ ሕጉ ለሚለው ነው። ያች ፍርድ የማንወደው ሰው የተጠበቀባት ስለሆነች ነው ትልቅ የሆነችው። የማሪዋና አብቃዩ ቤት፣ የጉንጭ ጥጡ፣ የሌሊቱ ስምንት ደቂቃ ሁሉ ስለማይወደድ ሰው የተደረገ ክርክር ነው።

እንግዲህ በየስብሰባው «ነጻ ፍርድ ቤት» ብለን የምንጮህ ሁሉ አንድ ነገር ልብ እንበል። ነጻ ዳኛ ማለት ነገ በእኛ ላይ የሚፈርድ ዳኛ ጭምር ነው። ጠላታችን ነው የምንለው ሰው ቤቱ ያለ ማዘዣ ተበርብሮ ሲለቀቅ፣ «ማን ሾመው?» ብለን ከምንጮህ ፍርዱን ገልጠን ለማንበብ ተዘጋጅተናል? ካልተዘጋጀን፣ ሥልጣኑ በማንም እጅ ቢገባ፣ የነገው የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅም እንደ እኛው ርእሱን በዋዜማው መርጦ ወደ ቤቱ ይገባል።

ቸር ያሰንብተን።